ከባሕር ዳር እስከ ደቅ፤ በጣና ላይ ከወደብ ወደ ወደብ የሚደረግ ጕዞ እንዴት ይታቀዳል?

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክበብ አባሎች ጣናን በጀልባ ለመጐብኘት በተስማማን ጊዜ፥ የጕዞውን ዕቅድ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ካርታ፥ ክርና ማስመሪያ ይዤ በሁለት ምሽት ጨረስሁት። ርቀቱ ተለክቶ፥ ወጪው ተደምሮ፥ የሚጐበኙት ሥፍራዎች በየተራቸው ተጽፈው ስለ ነበር፥ የጐደለ ነገር ያለበት መስሎ አልታየኝም። ከዚያም ዕቅዱን ከወላጅ ፈቃድ ወረቀት ጋር አያይዤ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ካነበበችው በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«ነፋስ ቢነሣ የት ትገባላችሁ? ተመለሱ ብሎ የሚያዘውስ ማነው? ደግሞ ከእናንተ መካከል ዋና የሚችለው ስንቱ ነው?»

ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱም ሳይፈረም ተመለሰልኝ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለእነዚያ ጥያቄዎች መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ትምህርት ነው። ጕዞው ገና አልተደረገም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገዱ ብዙ ጊዜ ስለ ተዘጋ፥ ሁለት ጊዜ ቀን ቈርጠን ሁለት ጊዜ አስተላልፈነዋል። ይሁን እንጂ መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ ለሚሄዱት ሁሉ፥ እኛም ብንሆን ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ቢሆኑ፥ ዕቅዱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኛ የደብረ ማርቆስ ልጆች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያደግን ደገኞች ነን። ውኃ ሲባል በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጨሞጋ ነው። ጨሞጋ በክረምት ሲሞላ ከሩቅ በድምፁ ያስታውቃል፤ ሰውም ሙላቱ እስኪጐድል ከዳር ቆሞ ይጠብቃል። ሐይቅ ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ ያየነው ውኃ ከቀትር በኋላ ሌላ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዕቅዴ ጣናን እንደ ሜዳ ቈጥሬው ነበር።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን፥ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። በዚህ ስፋቱ ሲታይ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በተባለው ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ጥልቀት የሌለው ውኃ የማያስፈራ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ጥልቀቱ ባነሰ ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን፥ ትንሽ ጀልባ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሁለተኛው ይመታታል። ሰውን የሚያሰጥመው ደግሞ 15 ሜትር መሆን አያስፈልገውም።

አሁን የመጀመሪያውን ዕቅዴን ስሕተት ላሳይ። በካርታ ላይ በክር ለክቼ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ 12፥ ከዘጌ እስከ ደቅ ደሴት 25፥ ከደቅ እስከ ጎርጎራ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኘሁ። ድምሩ 72 ነው። የሞተር ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብዬ ስለ ያዝሁ፥ ስድስት ሰዓት ይበቃናል አልሁ። ጠዋት በ2 ሰዓት ተነሥተን፥ በዘጌ አንድ ሰዓት፥ በደቅ ሁለት ሰዓት ቆይተን፥ በ11 ሰዓት ጎርጎራ እንገባለን። በአንድ ቀን ጣናን ከዳር እስከ ዳር! ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ አስተማሪዬም ቢያርሙት የሚቀነስበት ነጥብ አልነበረውም።

የእናቴ ወንድም በባሕር ዳር ብዙ ዘመን ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስልክ በተገኘበት ቀን ደውዬ ዕቅዱን አነበብሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «አንተ የእኅቴ ልጅ፥ አንተ የለካኸው መንገድ ነው፤ በሐይቅ ላይ መንገድ የለም። ኪሎ ሜትሩን ተወውና ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የት እንደምትሆኑ ንገረኝ» አለኝ። ጣቴን በካርታው ላይ አሳረፍሁ። ከደቅ በስተ ሰሜን፥ በየብስና በደሴት ያልተከለለው ሰፊው ውኃ ላይ ነበርን። «ጋሼ፥ እዚያ ነን» አልሁት። «እንግዲያውስ ነፋሱም እዚያው ነው» አለኝ።

ነፋሱ በዚያ ሰዓት የሚነሣበትን ምክንያት በትምህርታችን የምናውቀው ነው፤ ነገር ግን ለፈተና ብቻ አጥንተን ለሕይወት አላዋልነውም። በበጋ ቀትር ላይ በግቢያችን ያለውን ድንጋይ በባዶ እግር የረገጠ ሰው ያቃጥለዋል፤ ከአጠገቡ ያለው የጋን ውኃ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። የብስ ቶሎ ይግላል፤ ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ምድር ሲግል በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእርሱን ቦታ ለመያዝ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወደ የብሱ ይነፍሳል። ሌሊት ደግሞ የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፥ ማለት በማለዳ፥ አየሩ ጸጥ ይላል። የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ከማንም መጽሐፍ ሳይማሩ ያውቁታል፤ ረጅም ጕዞ ያለባቸውም ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ።

ሁለተኛው ነገር ነፋሱ የሚሮጥበት የውኃ ሜዳ ርዝመት ነው። ያው አንድ ነፋስ በ2 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ሲነፍስ ትንሽ ሞገድ ብቻ ያነሣል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ሲነፍስ ግን ኀይሉን እያከማቸ ሄዶ ማዕበል ይሆናል። ስለዚህ ጀልባ የምትቆምበትን ወደብ ስንመርጥ የምንጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብቻ ሳይሆን፥ «ከነፋሱ በየት በኩል ነው?» የሚለውንም ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ደቅም ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለቱም በአንድ በኩል ቢመቱ በሌላው በኩል ጸጥ ያለ ጀርባ አላቸው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመን ባናውቅ እንኳ ዞረን የምንጠጋበት አለን ማለት ነው። ለእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ የተገኘው መልስ ይህ ነው።

በዚህ ምክንያት ጎርጎራ ከዕቅዱ ወጣ። ስሰርዘው እጅግ አዝኜአለሁ፤ አፄ ሱስንዮስ የነገሡበትን አካባቢ ለማየት ከሁሉ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነበርሁና። በምዕራብ ዳር በቁንዝላና በደልጊ በኩል ወደብ ለወደብ እያደሩ መሄድ ይቻላል፤ ጣናነሽ የተባለችው የመንገደኞች መርከብም ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ስትመላለስ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ትቀጥል ነበር። ትልቋ መርከብ ያደረችበትን መንገድ እኔ በትንሽ ጀልባ በአንድ ቀን ልጨርስ አስቤ ነበር ማለት ነው! ይሁን እንጂ በዚያ በኩል መሄድ አምስት ቀን ያስፈልጋል፤ ጀልባዋም ባዶዋን የምትመለስበት ነዳጅ ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሦስት ቀን፥ ሁለት ማደሪያ፥ አንድ ዙር እንዲሆን ወሰንን።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በ1 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥተን በ2 ሰዓት ዘጌ እንደርሳለን። በጥር ወር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ለ1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ስለሆነ፥ ከዚህ በፊት መነሣት በጨለማ መሄድ ነው። ቀኑን በሙሉ በዘጌ እንውላለን፤ የቡናው ደን አለ፥ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከነሥዕሎቿ አለች፤ በእግር የሚኬድበትም ብዙ ነው። እዚያው እናድራለን። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ «አንድ ሰዓት ብቻ ተጕዘን ቀኑን ሙሉ መቆም ምንድን ነው?» ብለው አጕረምርመዋል። እኔ ግን በዚህ ቀን የምንማረው ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ጀልባዋ በአጭር መንገድ ትፈተናለች፤ ሞተሩ የሚያስቸግር ከሆነ ገና ዳር ሳንለቅ እናውቃለን፤ የሚያቅለሸልሸውም ሰው ይታወቃል።

በሁለተኛው ቀን እንዲሁ በ1 ሰዓት ተነሥተን፥ 25ቱን ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አቋርጠን በ3 ሰዓት ደቅ እንገባለን። እስከ ቀትር ሦስት ሰዓት ያህል ትርፍ አለን ማለት ነው። ይህ ትርፍ የዕረፍት ጊዜ ሳይሆን ሞተር ቢበላሽ፥ ጕም ቢኖር ወይም አንድ ሰው ቢዘገይ የሚወጣ ተቀማጭ ነው። በሦስተኛው ቀን ከደቅ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር 37 ኪሎ ሜትር፥ ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው፤ በ4 ሰዓት ከአምስት ደቂቃ እንገባለን። ስንቅ ግን የምንይዘው ለአራት ቀን ነው። ነፋስ ቢያስቀረን የምናድረው ቀን አስቀድሞ በዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ፥ ሰው ሰኞ ትምህርት አለብኝ ብሎ የማይሆን ጕዞ ይነሣል።

ዳጋ እስጢፋኖስንም ሰርዘነዋል። ከደቅ አጠገብ ሆኖ፥ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ገዳም መሆኑን እያወቁ አለመሄድ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን ገዳሙ በሥርዓቱ መሠረት ሴቶችን አያስገባም፤ ከአሥራ ሁለታችን ደግሞ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ደሴቱን ሲጐበኙ ሴቶቹ በጀልባ ላይ ይጠብቁ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ ተቃወምሁ። ግማሹ ቡድን በደሴት፥ ግማሹ በውኃ ላይ ሆኖ ነፋስ ቢነሣ የማን አለቃ ማንን ይጠብቃል? በደቅ ምዕራብ ዳር ያለችው፥ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሁላችንንም ስለምታስተናግድ፥ አብረን ወደ እርስዋ እንሄዳለን።

ከጎርጎራ መሰረዝ የተረፈው ገንዘብ ለሁለተኛ ጀልባ ዋለ። አጎቴ በዚህ ነገር አጥብቆ ይከራከራል። አንድ ሞተር ያላት አንዲት ጀልባ ሞተሯ በቆመ ሰዓት የነፋሱ ንብረት ናት። ሁለት ጀልባዎች በዐይን እየተያዩ ሲሄዱ ግን አንዷ ሌላዋን ጎትታ ትወስዳለች። ስለ ነዳጅም እንደዚሁ ነው። መንገዱ በሙሉ 74 ኪሎ ሜትር፥ ስድስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ነው፤ የምንይዘው ግን ግማሹን ጨምረን ለዘጠኝ ሰዓት ከሩብ የሚበቃ ነው፤ በፊት ለፊት ነፋስ ላይ የሚገፋ ሞተር ብዙ ይጠጣልና።

ዋና ስለሚችሉት ሰዎች ቍጥር፥ እውነቱን ልናገር። ሁለቱን አስተማሪዎች ጨምሮ ከአሥራ አራታችን ዋና የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ ከእነርሱ ውስጥ አይደለሁም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት የሚሉት ተንሳፋፊ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ካልተገኘ፥ ያልደረሰው ሰው እንዳይሳፈር ተስማምተናል። ሰደርያውም በጀልባዋ ወለል ላይ የሚከመር ሳይሆን ከዳር ሳንነሣ ለብሰን የምናስረው ነው። ከዚህ ሌላ በየጀልባው አራት አራት ባዶ ጀሪካን እናስራለን። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት 20 ሊትር የሚይዝ፥ አፉ በደንብ የተከደነ ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ 20 ኪሎ ግራም ውኃ ይገፋል፤ የራሱ ክብደት አንድ ኪሎ ያህል ቢሆን 19 ኪሎ የማንሣት ኀይል ይተርፈዋል። የሰው አካል በውኃ ውስጥ ሊንሳፈፍ ጥቂት ስለሚቀረው፥ ራሱን ከውኃ በላይ ለማድረግ ጥቂት ኪሎ ድጋፍ ይበቃዋል። ጀሪካኑን በትምህርት ቤታችን ገንዳ ውስጥ በድንጋይ እየጫንን ሞክረነዋል፤ ሒሳቡም አልዋሸም። ቢሆንም ጀሪካን ለሰደርያ ምትክ አይሆንም፤ ከደነገጠ ሰው እጅ ያመልጣልና።

ስለ መንሳፈፍ ካነሣን የአገራችንን ታንኳ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ በደንገሉ አገዳ ውስጥ ያለው አየር ነው የሚያንሳፍፈው። ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ስለሚከብድ ወደ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው ከጣና በታጨደ ደንገል ነበር። እርስዋ ከግቧ ሳትደርስ በመንገድ ላይ ፈራርሳ ተትታ፥ በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደርሳለች። እኛ ግን በታንኳ የምንሄደው በዘጌ ዳር ለዳር፥ ለመማር ያህል ብቻ ነው።

ወራቱን በተመለከተ፥ የሐይቁ ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጐድላል። በጐደለ ጊዜ ድንጋዩ ብቅ ስለሚል ወደ ዳር መጠጋት ያስቸግራል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ በመጕደሉ የመርከብ ጕዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በክረምት ደግሞ ነጐድጓድና ድንገተኛ ወጀብ አለ። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለውን የግማሽ ዓመት ዕረፍት መርጠናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳር ስለሚበዛ፥ የእኛን መንገድ እምብዛም አያውክም፤ ቢሆንም በሞተሩ ምላጭ ላይ የሚጠመጠመውን አረም ለመቍረጥ ቢላዋ እንይዛለን።

ለደገኛ ሰው ሁለት ነገር ላስታውስ፤ ወባ አለ፥ ቢልሃርዚያም አለ። አጎበር ያስፈልጋል፤ በዳር ባለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መንቦራጨቅም አይገባም። ሞቆናል ብለው ወደ ውኃው ለመግባት የሚቸኵሉ ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁና ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

የቀረው «ተመለሱ የሚለው ማነው?» የሚለው ነው፤ እኔንም ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ይህ ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ «አስተማሪያችን» ብዬ ጻፍሁ። አጎቴ ግን፥ «አስተማሪህ ቢያፍርስ? ልጆቹ እንሂድ እንሂድ እያሉ ቢያስቸግሩትስ? ጀልባ ነጂውስ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ዝም ቢልስ?» አለኝ። ስለዚህ ውሳኔውን ከሰው ላይ አንሥተን በሰዓት ላይ አደረግነው። በሁለተኛው ቀን እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ከዘጌ ካልተነሣን በዚያ ቀን አንነሣም። ከተነሣን በኋላ አንድ ሰዓት ተጕዘን የመንገዱን እኩሌታ ማለት 12 ኪሎ ሜትር ካልጨረስን እንመለሳለን። የሞገዱ ራስ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረና ወደ ኋላ ያለው መንገድ ወደ ፊት ካለው የሚያንስ ከሆነ እንመለሳለን። ይህን ለማስፈጸም ክርክር አያስፈልግም፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፥ ታናሹም ቢሆን፥ ሰዓቱን አይቶ ከተናገረ ይበቃል። አለቆቹም ጀልባ ነጂዎቹም ሳንነሣ በዚህ ላይ ይፈርማሉ።

የቀድሞውን ጊዜ ሳስብ፥ በእኛው መንገድ ላይ በዳንግላ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቆንሲል ቺዝማን፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በነበረበት ጊዜ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞሮ ካርታ አንሥቷል፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሟል። ሌላ አገር ሰው ከሩቅ መጥቶ ወደብ ለወደብ የለካውን ሐይቅ፥ በደምበጫ፥ በቡሬ፥ በእንጅባራና በመራዊ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን የምንኖር እኛ፥ ብዙዎቻችን በዐይናችን አላየነውም።

አዲሱን ዕቅድ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእናቴ ሰጠኋት። እንደ ፊተኛው መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። በመመለሻው ሰዓት ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ደግማ እንዳነበበችው አይቻለሁ። ከዚያ ቀና ብላ፥ «በ1 ሰዓት ከተነሣችሁ ቍርስ የምትበሉት የት ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ ቍርስ የሚል ቃል የለበትም። «እሳት በማያስፈልገው በሶ ይሻላችኋል» አለችና፥ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ለአሥራ ስድስት ሰው ለአራት ቀን ስንት ቍና ገብስ እንደሚበቃ በጣቷ ስትቈጥር ቆየች። ሂሳቡን ስትጨርስ ብዕር እንዳመጣላት ነገረችኝ።